ጥሩምባ የተነፋለት ክለብ

ክለባችን ሲሞት የእድር ጥሩምባ ተነፍቶለታል። ይህን ስናገር ሰዎች የምቀልድ ይመስላቸዋል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የሚመስለው ሰው ያናድደኛል። ያን እሁድ ጎህ ሲቀድ ኮልፌ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።

ክለቡ ትንሽ ነበር። በከተማው ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ነበር የምንጫወተው። ከሰፈር ውጭ ስማችንን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰፈር ውስጥም ቢሆን ግማሹ ሰው “እነዚያ ኳስ ተጫዋቾቹ” ብሎን ነበር የሚያልፈው። እኔ መሀል ተከላካይ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቼ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ካፒቴን ሆኛለሁ። ሲበዛ ቁጡ ነኝ። ቢጫ ካርድ ሳላይ የወጣሁበት ጨዋታ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ዳኛው ስላላየ እንጂ እኔ ስለታረምኩ አይደለም።

ወጪያችንን የሚችለው አጠና ተራ እንጨት የሚነግድ አንድ ሰው ነበር። ደመወዛችንን፣ የካምፓችንን ኪራይ፣ ቀለባችንን ለዓመታት ችሏል። ማንም አላስገደደውም፤ ኳስ ይወድ ነበር፣ በቃ። ከዚያ ሥራው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ታኅሣሥ ላይ ራሱ መጥቶ የካምፑ በር ላይ ቆመ፤ ግቢ ውስጥ እንኳን አልገባም። “አልቻልኩም ልጆች” አለ። ሌላ ነገር ቢጨምር ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። እሱ ግን ይህን ብቻ ብሎ ዞረ፤ እኔ ደግሞ ከኋላው ለመጻፍ የሚያሳፍር ስድብ ላክሁበት። ዞር ብሎ አላየኝም።

ደመወዝ ሲቋረጥ ማንም አልሄደም። ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ግን መበተን ጀመርን። አንዱ ኮንስትራክሽን ገባ፣ አንዱ ወልቂጤ ቤተሰቦቹ ጋ ተመለሰ፣ አንዱ ጫማውን ሸጦ ሳይሰናበተን ጠፋ። ሃያ ሁለት የነበርነው ጥር ሲገባ ዘጠኝ ቀረን። እነዚያ ዘጠኙም ቢሆኑ የቀሩት ሁሉም ለክለቡ ፍቅር ብለው አይደለም፤ መሄጃ ያልነበራቸውም ነበሩ።

አሰልጣኛችን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም “ኮች” ነበር የምንላቸው፣ በአንቱታ። ሐሙስ ዕለት ከልምምድ በኋላ አስቀመጡንና ነገሩን አንድ በአንድ አስረዱን።

“እሁድ የአንደኛው ዙር የመጨረሻ ጨዋታ ነው” አሉ። “ከዚያ በኋላ ክለቡ የለም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተጫውተን ዙሩን ከጨረስን በሥርዓት እንወጣለን። መልቀቂያችሁን ይዛችሁ በሁለተኛው ዙር ሌላ ክለብ ትገባላችሁ። ካልቀረብን ግን ፎርፌ ነው። እስከ ዛሬ የተጫወትነው ሁሉ ይሰረዛል፤ እናንተም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሜዳ አትረግጡም።”

“ዘጠኝ ሰው አለን፤ ለመጀመር ሰባት ይበቃል” አልኩ።

“ሰው አለን፤ የሌለን ሌላው ነው” አሉ።

ባለሜዳ እኛ ነበርን። ባለሜዳ ደግሞ አምቡላንስ ከነነርሱ ያቆማል፤ ለሁለቱ ቡድኖችና ለዳኞች መልበሻ ያዘጋጃል፤ ተመልካች ሜዳ እንዳይገባ የሚጠብቁ ሰዎች ያሰማራል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ዳኛው ሰዓቱን አይቶ፣ የሚጠብቀውን ያህል ጠብቆ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያሟላልን የነበረው የእንጨት ነጋዴው ነበር። አሁን ያለን ሁለት የተላላጠ ኳስ፣ ዘጠኝ ማሊያና ምንም የማይፈራ በረኛ ነው።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ አንገት መድፋት አልችልበትም።

“እድር አለን እኮ” አልኩ።

ይህን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የአንዱ ጓደኛችን እናት አገር ቤት ሞቱ። ልጁ ካምፕ ውስጥ ፍራሹ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከሰፈር አንድ ሰው አልመጣም። ክፋት አልነበረም፤ የሚያውቅ አልነበረም። ኮች ያን ጊዜ በጣም ተቆጡ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። በሳምንቱ ክለቡን እንደ አንድ አባወራ የሰፈሩ እድር ውስጥ አስመዘገቡት። ከዚያ ወዲህ ሙስሊም ቢሞት ክርስቲያን ቢሞት ድንኳን ተካዩ፣ አግዳሚ ተሸካሚው፣ ውሃ ቀጂው እኛ ሆንን። ጉልበት አለን፤ ከልምምድ በኋላ ሥራ የለንም። በስድስት ዓመት ውስጥ በሰፈሩ ያልተከልነው ድንኳን የለም።

“እድር ለሞተ ነው” አሉ ኮች።

“እኛስ ምን ሆንን ታዲያ?”

ኮች መለመን የሚባል ነገር አይሆንላቸውም። ግን ዘጠኛችንንም አንድ በአንድ አዩንና ተነሡ።

አርብ ከሥራ መውጫ በኋላ የእድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡን እንደ ድሮ የክፍል መጽሐፋቸው ጠረጴዛው ላይ ገልጠው ነው የሚቀመጡት። ኮች ችግሩን ተናገሩ። ከዚያ አንድ ኮስታራ አባል ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

“ደንባችን የሚለው ‘ሞት ሲደርስ’ ነው። ይሄ ክለብ ደግሞ ገና አልሞተም፤ እሁድ ሊጫወት ነው ትላላችሁ። ጨዋታ ያለው ሟች የት አገር አለ?”

ብድግ አልኩ። ኮች ጃኬቴን ይዘው ጎትተው አስቀመጡኝና እሳቸው ቆሙ።

“እውነትዎን ነው፣ አልሞተም” አሉ። “ታሟል። እንደማይተርፍም ተረድተናል። አድኑት ብዬ አይደለም የመጣሁት። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ልጆቼ ‘ሳይቀርቡ ቀሩ’ ተብሎ እንዳይጻፍባቸው ነው። ሜዳ ላይ ይሙት፤ እሱን እርዱኝ።”

ሊቀመንበሩ ደንቡን ዘጉት። “እነዚህ ልጆች ድንኳናችንን ሲተክሉ የኖሩ ናቸው” አሉ። “አንድ ቀን ለራሳቸው ቢተከልላቸው ደንቡ ምን ይላል? አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ምንም አይልም።”

በዚያው ተወሰነ። ሁለቱ ድንኳኖች ለመልበሻ፣ አግዳሚዎቹ ለእንግዶች። ወደ ቤቴል ባለ ክሊኒክ የምትሠራ የእድራችን አባል ነርስ እንድትሆነን ተጠየቀች፤ እሺ አለች። መኪናውን በተመለከተ እድሩ ያለው አንድ መኪና ብቻ ነው፤ የአስከሬን። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ተባለና እሱም ተፈቀደ። በመጨረሻ ጥሩምባ ነፊው እሁድ ጠዋት ሰፈሩን ዞሮ “ጨዋታ አለ፣ ሜዳ የሚጠብቅ ሰው ይውጣ” እንዲል ታዘዘ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ቀሰቀሰኝ። እንደ ሁልጊዜው ነበር የተነፋው፣ ረዥምና አንጀት የሚበላ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

“ስሙ! እድርተኛ ስሙ! የሰፈራችን እግር ኳስ ክለብ አርፏል! ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሜዳው ላይ ነው! የቀረ ይቀጣል!”

ሰው የራሱን መርዶ ተኝቶ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እኔን ጠይቁኝ። በቁምጣ ዘልዬ ወጣሁና ሁለት መታጠፊያ አልፌ ደረስኩበት።

“ማነው አርፏል ያለህ? ጨዋታ አለ በል ነው የተባልከው!”

ሰውዬው ጥሩምባውን ብብቱ ስር አድርጎ ታገሠኝ። “ሃያ ዓመት ያወጣሁት ቃል ይሄ ነው፣ ወንድሜ፤ አፌ ሌላ መንገድ አያውቅም። ደግሞስ ከጨዋታ የቀረ አይቀጣም። ጨዋታ አለ ብልህ ማን ይመጣልሃል?”

ልብሴን ልለብስ ተመለስኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳው ዘንድ ስንደርስ ዓይናችንን ማመን አቃተን። በደህናው ጊዜ ሠላሳ ሰው ቢመጣልን “ዛሬ ደመቀ” እንል ነበር። አሁን የሜዳው ዙሪያ በሰው ታጥሯል። እናቶች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ዣንጥላ ዘርግተዋል። ሁለቱ ድንኳኖች ከጎሉ ኋላ ቆመዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ያልተከልናቸው ነበሩ፤ አንዱ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል። እናቶች ንፍሮ ቀቅለው በትልልቅ ሳፋ አምጥተዋል። አንዲት እማማ እጄን ይዘው ወደ ድንኳኑ ወሰዱኝና “ብሉ፤ ሐዘንተኛ ጦሙን አይውልም” አሉ። ምሳ አልበላንም ነበር። ዘጠኛችን የራሳችንን ንፍሮ የሳፋው ታች እስኪታይ በላነው፤ ከጨዋታ በፊት እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ዳኛው ግን መኪናው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። መኪናው ነጭ ነው፤ በመስኮቱ ጥቁር መጋረጃ አለው። ነርሷ ጋዋኗን ለብሳ፣ ሣጥኗን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

“ይሄ አምቡላንስ ነው?” አለ።

ሊቀመንበሩ ወደፊት ወጡ። “ሰው ተኝቶ ይጫንበታል?” አሉት።

“ይጫንበታል።”

“ነርስ አለችው?”

“አለችው።”

“ሹፌሩ የትኛውንም ሆስፒታል ያውቃል። እስከ ዛሬ በዚህ መኪና ሄዶ ዘገየብኝ ብሎ ያማረረ የለም።”

ዳኛው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠና ወደ ኮሚሽነሩ ዞረ፤ ጨዋታውን የሚቆጣጠረው፣ በወረቀትም የሚያሰፍረው እሱ ነው። ኮሚሽነሩ ሰዉን ሁሉ፣ ነጠላውን ሁሉ ቃኘ። “እንጀምር” አለ።

ሳንቲም ሊጣል መሀል ሜዳ ስንገናኝ የተጋጣሚው ካፒቴን እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበረ፣ አሥራ አንድ ሰው ሙሉ፣ ተቀያሪ የሞላው ቡድን ነው።

“እግዜር ያጽናችሁ” አለኝ። “ማን ነው የሞተባችሁ?”

“እኛው ነን።”

“እና እንዴት ልትጫወቱ?”

“ታያለሃ” አልኩት።

የመጀመሪያውን ግማሽ ብዙውን ያሳለፍነው እየሮጥን ሳይሆን እየተሯሯጥን ነው። ዘጠኝ ሆኖ መጫወት ማለት ሁልጊዜ ሁለት ሰው ዘንድ ዘግይቶ መድረስ ነው። በረኛችን የዚያን ቀን ያወጣቸውን ኳሶች እንዴት እንዳወጣቸው እሱም አያውቅም። አንዴ የግራ ተመላላሻችን እግሩን ጅማት ይዞት ወደቀ። ነርሷ ሮጠች፤ ሁለት የእድር ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ተከተሏት፤ ሹፌሩም ሊያግዝ ብሎ የመኪናውን የኋላ በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ልጁ ቀና ብሎ ያን ጥቁር መጋረጃ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሮጠ፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስም ዳግመኛ አልወደቀም። ለሐዘን የመጣው ሕዝብ በነጠላው አፉን ይዞ ሳቀ።

በእረፍት ሰዓት ዜሮ ለዜሮ ነበርን። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ ቀሪ ይቀጣል የተባለው የእውነት ነው። ኮች ታክቲክ አልነገሩንም። “ሲፈርስ እንዲህ ሰው የወጣለት ክለብ አይቼ አላውቅም” አሉን።

ሁለተኛው ግማሽ ላይ ሐዘኑ እየላላ መጣ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ናቸው ዣንጥላቸውን አጥፈው መጮኽ የጀመሩት። የኦፍሳይድን ሕግ ከኮሚቴው ስብሰባ ባልተናነሰ ቁጣ ይከራከሩበት ጀመር። ኮስታራው የኮሚቴ አባል፣ እኒያ “ጨዋታ ያለው ሟች የት አገር አለ” ያሉት፣ መስመሩ ላይ ቆመው “ግፋ! ግፋው እንጂ!” ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አጥቂያችን ብቻውን ታግሎ ኮርና አገኘ። እኔ ወደ ፊት መሄድ ጀመርኩ። ኮች “ተመለስ!” ብለው ጮኹ፤ እውነታቸውን ነበር፤ ከኋላ ሦስት ሰው ብቻ ነበረን። አልተመለስኩም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ትእዛዛቸውን በግልጽ የጣስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኳሱ መጣ፤ ዘለልኩ፤ አንድ ሰው ከኋላ ገፋኝ፤ አንድ ነገር መታኝ። በግንባሬ ነው ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። በትከሻው ነው የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው። ምንም ይሁን ምን ኳሱ መረቡ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ጸጥ አለ። ለሐዘን የተዘቀዘቀ ነጠላ ለብሶ እልል ማለት ነውር ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ንፍሮ ያበሉኝ እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉ፤ ገልብጠው በደህናው አደረጉት፤ እልልታውን ለቀቁት። ከአጠገባቸው ያሉት እናቶች ተከተሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሜዳው ዙሪያ ነጠላ የሚገለብጥ ሴት ብቻ ሆነ። መሬት ላይ ተኝቼ ከላዬ ስምንት ሰው ወጥቶብኝ ሰማሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ስድስት ዓመት ለሐዘኑ የቆምንለት ሕዝብ ለእኛ እልል አለ።

የቀረውን ሩብ ሰዓት ብዙ አልተርከውም። ኳስ ወደ ጎላችን መጣ፤ አወጣነው፤ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፋ።

ከቀብር በኋላ ቤተሰብ ይሰለፋል፤ ቀባሪው በፊቱ እያለፈ ያጽናናል። ማንም ሳያዘን ዘጠኛችን ከነላባችን ከኮች ጎን ተደረደርን፤ ሕዝቡም ተሰለፈ። ፊተኛዋ ሴትዮ የኮችን እጅ ይዘው “እግዜር ያ...” ብለው ጀመሩና ቆሙ። ዘጠኛችንን አዩ። “እንኳን ደስ ያለዎት” አሉ። ኮች እስከዚያች ደቂቃ እንባ አልወጣቸውም ነበር። ከኋላ ያለው ሁሉ እንደዚያው እያለ አለፈ፤ እሳቸውም እያለቀሱ “እንኳን አብሮ ደስ ያለን” ሲሉ ዋሉ።

ከሰልፉ መሀል የእንጨት ነጋዴውን አየሁት። የእድሩ አባል ነው። ዳግመኛ ሰላም አልለውም ብዬ ምዬ ነበር። ተራው ደርሶ ፊታችን ሲቆም ግን ከሁላችንም ይልቅ ሰው የሞተበት የሚመስለው እሱ ነበር። ኮች እጁን ይዘው ከሰልፉ አወጡት። “ወዲህ ና፤ አንተ የመጣኸው ለማጽናናት ነው እንዴ? የቤቱ ሰው ነህ” ብለው ከእኔ አጠገብ አቆሙት። ትከሻችን ተነካካ። “ይቅርታ” አልኩት፣ ለዚያ ስድብ። አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ እሱንም እንኳን ደስ ያለህ ይሉት ጀመር።

ኮሚሽነሩ ወረቀቱን ሊያስፈርም በጎን ሊገባ ሲል ሊቀመንበሩ “ሰልፍ ያዝ” ብለውት ኖሯል፤ ተሰልፎ መጣ። ፊቴ ሲደርስ አነበበልኝ። “የባለሜዳው ቡድን በሰዓቱ ቀርቧል። ጨዋታው ተጀምሮ ተጠናቋል። አንድ ለዜሮ።” ኮች ጮክ ብሎ እንዲደግመው ለመኑት። ደገመው። እኔም ፈረምኩ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ስምንቱም የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሰው ሜዳ ገቡ። እኔን የጠራ ክለብ አልነበረም፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ቁጡ ተከላካይ ማን ይፈልጋል? አልከፋኝም። እሁድ እሁድ ታክሲ ይዤ ሁሉንም እየዞርኩ አየኋቸው። አንድ ቀን አስኮ በኩል አጥቂያችን ሁለት ጎል አገባ። አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰውዬ ብድግ ብሎ አጨበጨበና ወደ እኔ ዞረ።

“ይሄ ልጅ ከየት ነው የመጣው?” አለኝ።

“ከኛ ነው” አልኩት።